«አንገቴን እየቆረጡኝ ብነቃስ?»

«እትዬ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የ41 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምኖረው ብራስልስ ነው። ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁት እንቅርት እያደገ መዋጥ ስላስቸገረኝ ሐኪሞቹ በቀዶ ጥገና ይውጣ ብለዋል። ካንሰር እንዳልሆነ ተመርምሮ ታውቋል። የሰመመን ሐኪሟ ግን ያልጠበቅሁትን ነገር አመጣችብኝ፦ ሙሉ በሙሉ ከምናስተኛሽ አንገትሽን ብቻ አደንዝዘን በሂፕኖሲስ ብንሠራሽስ? አለችኝ። እኔ ሙሉ ማደንዘዣውን እፈራለሁ፤ አክስቴ አገር ቤት ለቀዶ ጥገና ገብታ ሳትነቃ ቀርታለች። ሂፕኖሲሱ ደግሞ ባሰብኝ። በቴሌቪዥን ሰውን እንደ ዶሮ ሲያስጮኹት አይቻለሁ። እናቴ በስልክ ስነግራት ‹ልብሽን ለማንም አሳልፈሽ አትስጪ፣ ይህ የመንፈስ ሥራ ነው› ብላ አለቀሰች። ፈረንሳይኛዬ ከሱቅና ከጽዳት ሥራዬ አያልፍም፤ ሆስፒታል የምታስተረጉምልኝ የ13 ዓመት ልጄ ናት። አንገቴን እየቆረጡኝ ብነቃስ? ምስጢሬን ሁሉ ብለፈልፍስ? ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ከመነጋገራችን በፊት፣ የአክስትሽን ነገር ለሰመመን ሐኪሟ ነግረሻታል? በደብዳቤሽ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ ዕድሜዬን በሰመመን ነርስነት ለጨረስኩት ለእኔ ግን ከሂፕኖሲሱ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። አክስትሽን የገደላት ደም መፍሰስ ወይም ቀድሞ የነበረ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ብርቅ የሆነ፣ በዘር የሚተላለፍ ችግርም አለ፦ አንዳንድ የማደንዘዣ ጋዞችንና ሱክሳሜቶኒየም የሚባለውን ጡንቻ ማፍታቻ ሲያገኝ ሰውነት በኃይለኛ ትኩሳት ይነድዳል፣ ጡንቻም ይገተራል። ቀድሞ ከታወቀ ሐኪሞቹ እነዚያን መድኃኒቶች ትተው በሌሎች ይሠራሉ፤ ሳይታሰብ ቢነሣም ዳንትሮሊን የሚባል መድኃኒት አለው። ስለዚህ እናትሽ ጋ ስትደውዪ ስለ መንፈስ አትከራከሪ። ይልቅ አክስትሽ ምን ልትታከም እንደገባች፣ በመቼ ጊዜ እንደነበረ፣ ትኩሳት እንደነበራት፣ ከዘመድ ሌላ በማደንዘዣ የተጎዳ እንዳለ ጠይቂያትና የነገረችሽን ጽፈሽ ውሰጂ። ሐኪሟ ይህን ካወቀች በኋላ ምርጫሽ ራሱ ሊለወጥ ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። መልሴ አጭር ነው፦ እሺም እንቢም አትበያቸው፤ መጀመሪያ የልምምድ ቀጠሮ ጠይቂ። ለምን እንደምል ላስረዳሽ።

ሁለቱን ፍርሃቶችሽን ጎን ለጎን ሳያቸው ነገሩ የተገለበጠብሽ ይመስለኛል። ሂፕኖሲስን የፈራሽው አእምሮሽን የሚወስድብሽ መስሎሽ ነው። አእምሮን የሚወስደውስ ሙሉ ማደንዘዣው ነው! በሙሉ ማደንዘዣ ውስጥ የሚባለው አይታወቅሽም፣ አትናገሪም፣ ትንፋሽሽን እንኳ ብዙ ጊዜ መሣሪያ ይተነፍስልሻል። በሂፕኖሲስ ውስጥ ግን፣ ማለትም በሐኪሟ ቃል እየተመራሽ ሐሳብሽን በአንድ ነገር ላይ ስታሳርፊ፣ ነቅተሽ ነው የምትቆዪው። ትሰሚያለሽ፣ ሲጠይቁሽ ትመልሻለሽ፣ «በቃኝ» ካልሽም ያበቃል። ስለዚህ «ብነቃስ?» የሚለው ጥያቄሽ እዚህ ቦታ የለውም፤ መጀመሪያውኑ አልተኛሽምና። ትክክለኛው ጥያቄ «ቢያመኝስ?» የሚለው ነው፤ ለእሱ ደግሞ መልስ አለው።

ሐኪሟ ያቀረበችልሽ ነገር በቤልጅየም እንግዳ አይደለም። በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ማሪ ኤሊዛቤት ፌሞንቪል የተባሉ የሰመመን ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ ይህን ዘዴ ሲሠሩበት ኖረዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማንም በዚያው መንገድ ታክመዋል። ደግሞ በብዛት ከተሠራባቸው ቀዶ ጥገናዎች አንዱ ያንቺው ነው፣ የእንቅርት። ከ1994 እስከ 1997 ባለው ጊዜ በዚያ ሆስፒታል ከ200 በላይ የአንገት ቀዶ ጥገናዎች እንዲህ ተሠርተው፣ በመሐል ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መዞር ያስፈለጋቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር ስሰጥሽ አንድ ነገር አብሬ ልንገርሽ፦ እነዚያ ሰዎች ራሳቸው ፈልገው የገቡና ለዘዴው ይሆናሉ ተብለው የተመረጡ ናቸው። ከመንገድ የተያዘ ሰው ሁሉ ውጤቱ እንዲያ ይሆናል ማለት አይደለም።

በዕለቱ የሚሆነው ይህ ነው። ጠረጴዛው ላይ ትተኛለሽ፤ ክንድሽ ላይ መርፌ ይገባል፤ የልብ ምትሽንና ትንፋሽሽን የሚከታተለው መሣሪያ ይያያዛል። የሰመመን ሐኪሟ ራስጌሽ ተቀምጣ አንድ ቦታ ላይ እንድታፈጥጪ፣ ትንፋሽሽን እንድታዳምጪ፣ ሰውነትሽን እንድታላሊ ቀስ ባለ ድምፅ ትነግርሻለች። ከዚያ አንቺው ቀደም ብለሽ ወደመረጥሽው ደስ የሚል ትዝታ ትወስድሻለች። ቀዶ ሐኪሙ አንገትሽ ላይ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋል፤ በደም ሥርም ጥቂት የሕመም ማስታገሻና ማረጋጊያ ይሰጥሻል። አደራሽን ይህን ልብ በዪ፦ ቢላዋውን የሚያስችልሽ ይህ ሁሉ በአንድነት ነው እንጂ ሂፕኖሲሱ ብቻውን አይደለም። ጄምስ ኤስዴይል የተባለ ስኮትላንዳዊ ቀዶ ሐኪም በ1845 ቤንጋል ውስጥ በዚህ መሰል ዘዴ ብቻ ትላልቅ እባጮችን ቆርጦ ያወጣ ነበር፤ በዓመቱ የኤተር ማደንዘዣ ሲመጣ ግን ዓለም ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ትክክልም አደረገ። አሁን የተመለሰው ሂፕኖሲስ ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም ረዳት ነው።

መነካቱንና መጎተቱን ይሰማሻል። የመሣሪያ ድምፅ፣ የሰዎች ንግግር ትሰሚያለሽ። የሚወጋ ሕመም ከመጣ በቃል ወይም በተስማማችሁበት ምልክት ትናገሪያለሽ፤ ያኔ የሚያደነዝዘው መድኃኒት ይጨመራል፣ በደም ሥር የሚሰጠውም ከፍ ይላል። ያ ካልበቃ ያስተኙሻል፤ የሚያስተኙበት ሁሉ አጠገብሽ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህም ነው በሂፕኖሲስ ብትሠሪም ከዋዜማው ጀምሮ እንደማንኛውም የቀዶ ጥገና ታካሚ የምትጾሚው። አንድ ጥቅምም አለው፦ ለድምፅ የሚያገለግለው ነርቭ በእንቅርቱ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ ነቅተሽ ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ «እስቲ ተናገሪ» ብሎ ድምፅሽን መፈተሽ ይችላል።

ቴሌቪዥን ላይ እንደ ዶሮ የጮኸው ሰው መድረክ ላይ ለመውጣት እጁን ያወጣ ሰው ነው። ከብዙዎች መካከል በቀላሉ የሚገባለትንና መታየት የሚወደውን መርጠው ነው የሚያወጡት። ሆስፒታል ውስጥ ያንን የሚፈልግ የለም። ምስጢርሽም አይወጣም፤ ልትናገሪ ያልፈለግሽውን በሂፕኖሲስ ውስጥም አትናገሪም። እንዲያውም ልንገርሽ፣ ሰው ሲለፈልፍ የሰማሁት ከሙሉ ማደንዘዣ በሚነቃበት ክፍል ነው። ስለ አማት፣ ስለ ዕቁብ ገንዘብ፣ ስለ ድሮ ወዳጅ ያልሰማሁት የለም። እኛ ነርሶች ደግሞ በዚያ ክፍል ጆሯችን አይሰማም።

«ታዲያ ሐሳብ ሕመምን እንዴት ያስታግሳል?» ብትይኝ፣ የስቅለትን ስግደት አስቢ። ቀኑን ሙሉ ስትሰግጂ ጉልበትሽ አልነበረም እንዴ? ነበረ፤ ግን ሐሳብሽ ከእሱ ጋር አልነበረም። ማታ ቤትሽ ገብተሽ ስትቀመጪ ነው ጉልበትሽ የተናገረው። በ1997 ሞንትሪያል ውስጥ ፒየር ሬንቪል የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሂፕኖሲስ ውስጥ ያሉ ሰዎች እጃቸውን በጣም ሞቃት ውሃ ውስጥ ሲያስገቡ አንጎላቸውን በምስል ተከታትለዋል። የሕመሙ አስከፊነት ከፍ ወይም ዝቅ እንዲልባቸው በቃል ሲነገራቸው፣ የሕመምን ክፉ ስሜት የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴም አብሮ ይለዋወጥ ነበር። ውሃው ያው ውሃ ነው። ሕመም የሥጋ ብቻ ሳይሆን የሐሳብም ድርሻ አለበት፤ ሂፕኖሲስ የሚይዘው ያንን ድርሻ ነው። ሁሉም ሰው እኩል አይሆንለትም፤ ጥቂቱ በጥልቀት ይገባል፣ አብዛኛው መካከለኛ ነው፣ ጥቂቱ ደግሞ ምንም አይዘውም። የማይዘው ሰው እምነቱ የጠነከረ፣ የሚይዘውም ልቡ የደከመ አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው።

እናትሽን ስለ መንፈሱ በክርክር አታሳምኛትም። ከሩቅ ሆኖ ልጁ የምትቆረጥበት ወላጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ እሷ የያዘችው ይህን ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚጠራ መንፈስ፣ የሚደገም ቃል፣ የሚጠጣ ነገር የለም፤ ያለችው ትንፋሽሽንና ትዝታሽን የምታነጋግር ሐኪም ናት። ይህንኑ እንዳለ ለንስሐ አባትሽ አስረጃቸው፤ ከእሳቸው አፍ ከሰማችው እናትሽም ይቀላታል። የምትሄጂበት ትዝታ ጸሎት እንዲሆን ከፈለግሽም ከልካይ የለሽም፤ ለሐኪሟ ንገሪያት። ጸበሉም አይቅርብሽ፤ ለታይሮይድሽ፣ እንቅርት ሆኖ ላበጠው የአንገት ዕጢ፣ የታዘዘልሽ መድኃኒት ካለ ግን እሱን እንዳታቋርጪ።

ከሁሉ የከበደኝ የቋንቋው ነገር ነው። ሂፕኖሲስ በቃል የሚሠራ ሕክምና ነው፤ ቃሉ ካልገባሽ መድኃኒቱ አልገባሽም ማለት ነው። በዚህ ምክንያት መስማት የተሳናቸውንና የሐኪሙን ቋንቋ በደንብ የማይሰሙ ሕሙማንን ብዙ ጊዜ ለዚህ ዘዴ አይመርጡም። አንቺ በሱቅ ፈረንሳይኛ እየተጣጣርሽ «አሁን ምን አለች?» ስትዪ ሐሳብሽ ከመላላት ይልቅ ይወጠራል። ይህን ለሐኪሟ በግልጽ ንገሪያት። ምናልባት ልጅሽ ቀልጠፍ አድርጋ ስታስተረጉም አይታ፣ አንቺም እንዲሁ የምትሰሚ መስሏት ይሆናል።

ልጅሽን ግን ከዚህ አውጪያት። የ13 ዓመት ልጅ የእናቷን አንገት መቆረጥ በቃል እያመላለሰች እንድትናገር አይገባም፤ ስለ አክስትሽ ሞትም በእሷ አፍ እንዲነገር አልፈልግም። በቤልጅየም ሆስፒታሎች በባህልና በቋንቋ መካከል የሚያገናኙ ተቀጣሪ ባለሙያዎች አሉ፤ በአካል ባይገኙ በቪዲዮ የሚያስተረጉሙበት አሠራርም አለ። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለሽ ቀጠሮ ክፍሉን ቀድመሽ ጠይቂ። ያ ካልተሳካ በፈረንሳይኛ የጎለመሰች የምታምኛት ሴት ይዘሽ ሂጂ፤ ወሬ የማትወድ ብትሆን ይመረጣል።

የልምምድ ቀጠሮ ያልኩሽም ለዚህ ነው። ሐኪሟ በዕለቱ የምትላቸውን ቃላት ያለ ቢላዋ፣ ያለ ፍርሃት በአስተርጓሚ ፊት ትናገራቸው። በቀላል ፈረንሳይኛ፣ በአጭር በአጭሩ ትናገር፤ ዋና ዋናዎቹን አንቺ በአማርኛ እወቂያቸው። ትዝታውንም እዚያው አብራችሁ ምረጡ፤ በውስጥሽ ግን በአማርኛ ኑሪበት። አንቺ ስደተኛ ነሽና በምርጫው ተጠንቀቂ። ብዙዎቻችን ደስ የሚለን ትዝታ የአገር ቤት ነው፤ የአገር ቤት ትዝታ ደግሞ በደስታ ተጀምሮ የሞተውን አባት፣ የተሸጠውን ቤት ያስነሣል። ያለ እንባ የምትወጪበትን ምረጪ። ከልጆችሽ ጋር በባሕር ዳርቻ የዋላችሁበት ቀን ከሆነ እሱ ይሁን። ከተመረጠ በኋላ ማታ ማታ ከመተኛትሽ በፊት ተለማመጅው፤ ሽታውን፣ ብርሃኑን፣ ድምፁን እያስታወስሽ።

ከልምምዱ በኋላ ሰውነትሽ ረጋ ካለና ሐኪሟ የምትለው ከገባሽ እሺ በያት፤ እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ካልሆነ፣ ወይም እንቅርቱ በጣም ትልቅ ሆኖ ወደ ደረት የወረደ ከሆነና ቀዶ ሐኪሙ ካመነታ፣ ሙሉ ማደንዘዣውን ያለ ሐፍረት ምረጪ። የአክስትሽ ጉዳይ ተጣርቶ ከሆነ ብዙ አትፍሪው፤ ዛሬ እንዳንቺ ባለ አገር ጤነኛ ሰው በማደንዘዣው ብቻ የሚሞትበት ዕድል ከ100,000 አንድ ገደማ ነው።

ደግሞ ማንም ያልነገረሽ የሚመስለኝ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ሂፕኖሲሱን ቀድመሽ ወስደሽ ከዚያ መተኛት። በ2007 በታተመ ጥናት፣ ኒውዮርክ በሚገኘው የማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት ጋይ ሞንትጎመሪ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው 200 የጡት ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው ሴቶችን ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛው ወገን ከመግባቱ በፊት 15 ደቂቃ ሂፕኖሲስ ከሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያገኝ አደረጉ። እነዚያ ሴቶች በኋላ ሕመማቸው፣ ማቅለሽለሻቸውና ድካማቸው ያነሰ ነበር፤ ማደንዘዣም ያነሰ በቃቸው። በ2020 የታተመው የጀርመኖቹ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በ5 ሆስፒታሎች 385 ሕሙማን ሙሉ በሙሉ ተኝተው ሳሉ ጆሮ ማዳመጫ ተደረገላቸው፤ ለገሚሱ ሙዚቃና የሚያረጋጋ ንግግር ተሰማ፣ ለገሚሱ ምንም። ንግግሩ የተሰማላቸው ሰዎች ከነቁ በኋላ ሕመማቸው ቀለለ፣ የጠየቁት ጠንካራ ማስታገሻም አነሰ። ይህኛው ላንቺ ይመቻል፤ የሚሰማው ነገር ተቀርጾ የሚቀመጥ ስለሆነ በአማርኛም ሊሆን ይችላልና። ቢፈቅዱልሽ ለስለስ ያለ ድምፅ ያለው ወዳጅሽ የምትወጂውን መዝሙርና ጥቂት የሚያበረታ ቃል ይቅዳልሽ።

ቃል ስል ትዝ አለኝ። ኤልቪራ ላንግ የተባሉ ሐኪም፣ «አሁን ሊያምሽ ነው፣ ሊወጋሽ ነው» እየተባሉ የሚታከሙ ሰዎች ሕመማቸው እንዲያውም እንደሚጨምር አጥንተው አሳይተዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ጠያቂ ነው! ዳቦና ብርቱካን ይዞ ይመጣና «የእከሌ ሚስት እንዲሁ ለእንቅርት ገብታ…» ብሎ ይጀምራል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ሳምንት እንዲህ ያለውን ሰው በር ላይ መልሺው፤ ስልኩንም አታንሺ። ይህ ምክር ከሂፕኖሲሱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው ብዬ ነው የምሰጥሽ። ነርሶቹንም «ከመውጋታችሁ በፊት እንደሚያም አትንገሩኝ፣ እጄን ንኩኝ ብቻ» ብትያቸው አያዝኑብሽም።

በኢንተርኔት «እንቅርትሽን በሂፕኖሲስ አጠፋልሻለሁ» የሚልሽ ሰው ካጋጠመሽ ገንዘብሽን ያዢ። ሂፕኖሲስ የእንቅርት መድኃኒት አይደለም። ሕመም ለማስታገስም ቢሆን በሐኪም፣ በነርስ ወይም በሥነ ልቦና ባለሙያ እጅ ሲሆን ነው ዋጋ የሚኖረው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትንፋሽሽን እያዳመጥሽ የተለማመድሽውን ትዝታ ለጉሮሮሽ ሕመም ተጠቀሚበት፤ የሚሰጡሽንም ማስታገሻ በሰዓቱ ዋጪ። ነገር ግን በልምምድ ልታባብያቸው የማይገቡ ምልክቶች አሉ። ከንፈርሽና የጣቶችሽ ጫፍ ከነዘረሽ ካልሲየምሽ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ተናገሪ። አንገትሽ እያበጠ ከተወጠረ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ከቁስሉ ሥር ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል አንድ ደቂቃ አትታገሺ፤ አልጋ ላይ ከሆንሽ ደወሉን ተጫኚ፣ ቤት ከሆንሽ 112 ደውዪ። ለዚህ የሚሆኑትን ጥቂት የፈረንሳይኛ ቃላት ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት በአማርኛ ፊደል ጽፈሽ ስልክሽ ላይ አኑሪያቸው።